በፍላሽ ያሳበብኩት

ይህን ለሚስቴም ሆነ ለንስሐ አባቴ ተናግሬው አላውቅም። ለእናንተ የምነግራችሁ ፊታችሁን ስለማላይ ይሆን? ፈሪ ሰው እንዲህ ነው።

ቦንጋ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። አንድ የገበያ ቀን ጋሽ ወልዴ የሚባሉ ጡረተኛ መምህር ከዋጫ ከተማ ላፕቶፓቸውን በፌስታል ይዘው መጡ። እንደ እሳቸው አርጅቶ መንቀርፈፉን እየቀለዱ ነገሩኝና ትንሽ እንዳፈጥነው ለመኑኝ። ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ከመሞታቸው በፊት፣ ልጃቸውን አሥራትን ያባብሉበት የነበረውን ዜማ በካፊኖኖ ቋንቋ ሲያዜሙ ጋሽ ወልዴ ቀድተዋቸዋል። ድምፁ ያለው እዚያ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው። ሊሰሙት በከፈቱት ቁጥር ብዙ ስለሚያስጠብቃቸው ነበር የመጡት። ይህን ሁሉ ነግረውኛል። አልሰማሁም ብዬ ማምለጥ አልችልም።

ኮምፒውተር የትኛው ፕሮግራም የት እንደተቀመጠ የሚመዘግብበት ሬጅስትሪ የሚባል ነገር አለው። ከጊዜ ብዛት ትርፍራፊ ይከማችበታል። እኔ ማጽጃ ፕሮግራም ጭኜ፣ ምን እንደሚጠፋ ሳላነብ፣ ቅጂ ሳላስቀር፣ ሁሉንም አጥፋ አልኩት። ለምን ቅጂ አላስቀረሁም? ሱቄ በሰው ተሞልቶ ስለነበር ቸኮልኩ። ላፕቶፑ ተመልሶ ሲነሳ አልከፍት ብሎ ሰማያዊ ገጽ ብቻ አሳየኝ።

ድምፁ ያኔም አልጠፋም ነበር። ዲስኩን ፈትቶ በሌላ ኮምፒውተር መገልበጥ ይቻል ነበር፤ ሥራዬ ነውና አውቀዋለሁ። ግን እኛ ጠጋኞች ክፉ ልማድ አለን፤ ያስቸገረንን ሁሉ ፎርማት እናደርገዋለን። አደረግኩት። እትዬ አልማዝ ትዝ ያሉኝ ሁሉን ጠርጌ አዲስ ዊንዶውስ ከጫንኩ በኋላ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም።

ጋሽ ወልዴ ሲመለሱ እውነቱን ብነግራቸው ምን ያደርጉኝ ነበር? ቢበዛ ይቆጡኝ ነበር። እኔ ግን ፍላሽ የሰካበት ሰው እንዳለ ጠየቅኳቸው። አሥራት ፊልም ሊገለብጥ ሰክቶ እንደነበር ነገሩኝ።

«በቃ፣ ቫይረሱ በዚያ ነው የገባው። ሁሉን በልቶታል» አልኳቸው።

ቫይረስ ከተባለ እኛ ዘንድ ማንም ሌላ አይጠይቅም። ጋሽ ወልዴ ላፕቶፑን ታቅፈው ወጡ። ፍጥነቱስ ጥሩ ሆኖ ነበር።

ከዚያ ወዲያ አባትና ልጅ ተኳረፉ። አሥራት ቤቱን ጥሎ ሺሺንዳ ከተማ ገባ። ሽማግሌዎች ሊያስታርቋቸው ሲደክሙ እሰማ ነበር። ከእኔ አንድ ቃል ቢወጣ ይበቃቸው ነበር፤ እኔ ግን ዝም አልኩ። ጋሽ ወልዴ ከልጃቸው ሳይታረቁ ሞቱ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ለቅሶ ደረስኩ። አሥራት ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

«የእናቴን ድምፅ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለኝ። «አባቴም በዚሁ አዝኖብኝ ሄደ።»

ትከሻውን ያዝኩት።

«አይዞህ፣ ሳታውቅ ነው ያደረግከው። እግዚአብሔር ይቅር ይልሃል።»

አመሰገነኝ። እኔ በሠራሁት ኃጢአት እሱን አጽናናሁት፣ እሱም አመሰገነኝ። ሬጅስትሪውን ማበላሸቴን ስህተት ልበለው። ይህንንስ ምን ልበለው?

ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። አሥራት ዛሬም ሺሺንዳ ነው። መኪና በየቀኑ አለ። እኔ ግን እስካሁን አልተሳፈርኩም።