በሩን የወሰደው ሰው ይጠራልን

ከጥቂት ዓመታት በፊት አምቦ ውስጥ የማኅበረሰብ የፊልም ፌስቲቫል ለማዘጋጀት ኮሚቴ ሲቋቋም ጸሐፊ ሆኜ የተመረጥኩት ስለ ሲኒማ ስለማውቅ አልነበረም። የማስተምረው የላቦራቶሪ ሳይንስ ነው። ይሁን እንጂ የምይዘው ቃለ ጉባኤ ንጹሕ ነው የሚል ስም ስላለኝ፣ በከተማው ማንኛውም ኮሚቴ ሲቋቋም ጸሐፊነቱ ዞሮ ወደ እኔ ይመጣል። ጠባዬም ለዚህ ይመቻል፤ ብዙ አልናገርም፣ የተባለውን ግን አላስቀርም።

ፌስቲቫሉ ከዓርብ እስከ እሑድ የሚቆይ ሲሆን፣ በልዩ ልዩ የአገራችን ቋንቋዎች የተሠሩና ከጎረቤት አገሮች የመጡ አጫጭር ፊልሞች ይታዩበት ነበር። ሁሉም የግለሰቦች ሥራ ነበሩ፤ ከጀርባቸው ደጋፊ ድርጅት አልነበረም። ሽልማቱ አንድ ብቻ ነው። ያሸነፈው ፊልም አዲስ አበባ በሚካሄድ ትልቅ ፌስቲቫል ላይ ይታያል፣ ሠሪውም አብሮ ይሄዳል። የአሸናፊው ስም ግን ሰኞ ጠዋት አዲስ አበባ መድረስ አለበት፤ ካልደረሰ የአምቦ ተራ ለሌላ ከተማ ይሰጣል።

ዳኞቹን መምረጥ አከራከረን። ከአዲስ አበባ የጋበዝናቸው ሁለት ባለሙያዎች በመጨረሻው ሳምንት ሥራ ገጠመን አሉ። በዚህ ጊዜ አንድ የኮሚቴው አባል፣ «ውሳኔያቸውን ሰምቶ ማንም የማያጉረመርምባቸውን ሰዎች እንምረጥ» የሚል ሐሳብ አቀረበ። በእኛ አገር እንዲህ ያሉ ሰዎች አስታራቂ ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሦስት ስመ ጥር ሽማግሌዎች ተመረጡ፦ ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህር በሰብሳቢነት፣ አንድ የእህል ነጋዴ፣ እንዲሁም ከደንዲ አንድ አዛውንት ገበሬ። እኔም እጄን አውጥቼ ሐሳቡን ደግፌአለሁ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የታየው የመጀመሪያው ፊልም ከኬንያ የባሕር ዳርቻ የመጣ ሲሆን፣ ጀልባው ስለተወሰደበት ዓሣ አጥማጅ የሚተርክ ነበር። ከግርጌ የሚያልፈውን ጽሑፍ የሽማግሌዎቹ ዓይን አይደርስበትም። ስለዚህ ከኋላቸው ተቀምጬ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ፤ ነጋዴው ደግሞ ይጠቅማል ያሉትን መርጠው በአፋን ኦሮሞ ለገበሬው ያስተላልፋሉ። ፊልሙ ሲያልቅ አዳራሹ አጨበጨበ። ዳኞቹ ግን እጃቸውን ከከዘራቸው ላይ አላነሡም።

«ጥሩ ነው» አሉ ሰብሳቢው። «ጀልባዋን ወሰደ የተባለው ሰው ግን አልቀረበም።»

«አባቴ፣ ይህ እኮ ትወና ነው» አልኳቸው።

«ትወና መሆኑን መች አጣነው፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ!» አሉ በአባትነት ድምፅ። «ትወና ከሆነማ ይቀላል። አንድ ሰው ጨምሮ የዚያኛውንም ወገን ማስተወን ነበር።»

«ዱጋ! እውነት ነው!» አሉ ገበሬው።

ለምስል፣ ለድምፅና ለቅንብር የነጥብ መስጫ አዘጋጅቼ ነበር። ነጋዴው ለፊልሞቹ ሁሉ በሁሉም መስፈርት ሙሉ ነጥብ ሰጥተው መለሱልኝ። «ሰው ለፍቶ የሠራውን እኔ ማን ነኝና እቀንስበታለሁ?» አሉ። ከዚያ በኋላ ነጥቡን አላነሣሁባቸውም።

እሑድ ለሽልማቱ የተያዘ ስለነበር፣ ቅዳሜ የመጨረሻ ሆኖ የአንዲት የአምቦ ልጅ ፊልም ታየ። ልጅቷ ፎቶ ቤት ተቀጥራ ሰርግ ትቀርጻለች፤ ፊልሙንም የሠራችው ባለቤቱ በፈቀዱላት ካሜራ፣ ከሥራ በኋላ ነው። በምዝገባው ቀን፣ «እትዬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ኬክ ሲቆረስ እየቀረጽኩ መኖር አልፈልግም» ብላኝ ነበር። አዲስ አበባ ብትሄድ ሥራዋን የሚያዩ ሰዎች እንደምታገኝ፣ እዚህ ከቀረች ግን በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ሰርግ እንደሚጠብቃት ነገረችኝ።

ፊልሙ ስለ ገዛ ወላጆቿ ነው። አባቷ አናጺ ናቸው። ከእናቷ ሲለያዩ የቤቱን በር ከመቃኑ ነቅለው፣ በጋሪ ጭነው ጊንጪ ወሰዱት። እናቲቱ ያን ክረምት በመጋረጃ እንዴት እንዳሳለፉ፣ የጎረቤት ዶሮ ሳይቀር ሳታንኳኳ እንዴት እንደገባችባቸው ይተርካሉ። አዳራሹ ሳቀ፣ መልሶም አለቀሰ። ገበሬው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አይቻለሁ።

«ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው» አሉ ሰብሳቢው። እፎይ ብዬ እስክሪብቶዬን አነሣሁ። «በመሆኑም ለሚመጣው ቅዳሜ ቀጠሮ ይያዝ።»

«የምን ቀጠሮ?»

«በሩን የወሰደው ሰው ይጠራልን። የአንድ ወገን ብቻ ሰምተን ብንሸልም፣ ሰውየው ነገ ገበያ ላይ ቢያገኘኝ ምን ብዬ ዓይኑን አየዋለሁ?»

«አባቴ፣ ስሙ ሰኞ ጠዋት መድረስ አለበት።»

«እንግዲያው ለነገ ይጠራ።»

«ካልተገኘስ? ሌላ ፊልም ቢመረጥ አይሻልም?»

«የበለጠውን አይተን ያነሰውን እንሸልም ነው የምትይው?» አሉ ነጋዴው፤ ድምፃቸው ውስጥ ትዝብት ነበረበት።

ልጅቷ ይህን ስነግራት ደነገጠች። ለካ አባቷ ስለ ፊልሙ አያውቁም። «እትዬ፣ ካየውማ ከእንግዲህ ልጄ አይለኝም» አለች። የኮሚቴው አባላት እርስ በርስ ተያዩ፤ በመጨረሻም ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው መልእክትም ያደርሳል ብለው ያሰቡ ይመስለኛል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሚኒባስ ጊንጪ ሄድኩ። ሰውየውን ከሱቃቸው ደጃፍ እንጨት ሲልጉ አገኘኋቸው። በመንገድ ላይ ያሰናዳሁት መግቢያ ሁሉ ጠፋብኝ።

«ጋሼ፣ ሽማግሌዎች ይፈልጉዎታል።»

«በምን?»

«በፊልም።»

«እኔ? ፊልም አይቼም አላውቅ!»

«ማየቱ ሳይሆን… ውስጡ አሉበት።»

መላጊያቸውን አቆሙ። ሽማግሌዎቹ እነማን እንደሆኑ ጠየቁኝ። ስነግራቸው ሌላ ቃል ሳይጨምሩ እጃቸውን ታጠቡ፤ ኮታቸውን ለበሱ፤ ለምስክርነት ሁለት ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው ከእኔ ጋር ተሳፈሩ። እስከ አምቦ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የልጄ እናት ከፍላ ነው ወይስ በነጻ የከሰሰችኝ?»

ፊልሙ ለእሳቸው ሲባል እንደገና ታየ። ወሬው ከተማውን አዳርሶ ስለነበር አዳራሹ ውስጥ መቆሚያ ጠፋ። እናቲቱም ከኋላ ተቀምጠዋል። ፊልሙ ሲያልቅ አባትየው ሳይጠሩ ተነሡ።

«ሁለት ነገር አለኝ። አንደኛ፣ ‹ያንተ የሆነ አንድ ነገር እዚህ ቤት እንዳይቀር› ያለችኝ ራሷ ናት። ዞሬ ብመለከት፣ የእኔ የሆነው በሩ ብቻ ነበር።»

«አልጋውስ?» አሉ እናቲቱ።

«አልጋው የወንድምሽ ነው!»

«የወንድሜ አልጋ አንተን ስንት ዓመት ተሸክሟል! ካሳ የሚገባውስ ለእሱ ነበር!»

«ጸጥታ!» አሉ ሰብሳቢው። «ያለነው ፊልም ላይ ነው። ሁለተኛውስ?»

አባትየው ወደ ነጩ ሸራ ዞሩ። ድምፃቸው ወረደ። «እኔን የጎዳኝ ሁለተኛው ነው። ያ በር የእኔ አይደለም።»

ልጅቷ ተነሣች። «አባዬ፣ በሩ ያለው አንተ ጋ ነው። ለማሳያ የጎረቤት በር ነው የቀረጽኩት።»

«አይቻታለሁ እንጂ! ማጠፊያዋ ጠማማ፣ ከሥሯ ድመት የምታሾልክ! ይህን የሚያይ ሁሉ የእኔ ሥራ ይመስለዋል። ሚስቱን ጥሎ ሄደ ይበሉኝ፤ ችዬዋለሁ። በር መሥራት አያውቅም መባልን ግን አልችልም!»

ሽማግሌዎቹ ሊመክሩ ወደ ውጭ ወጡ። ተከትያቸው ወጣሁ። «ክሱ ተገለበጠ» አሉ ገበሬው በደስታ፤ «አሁን ተበዳዩ እሱ ሆነ።» ሲመለሱ ሰብሳቢው ቆመው ውሳኔውን አሰሙ። ሽልማቱ ለልጅቷ ይሁን፤ ስሟም በሰዓቱ ይላክ። እሷ ግን ጊንጪ ሄዳ ትክክለኛውን በር ትቅረጽ፤ የአባቷንም ቃል በፊልሙ ውስጥ ታስገባ።

ልጅቷ ወደ አባቷ አየች። እሳቸው ጣራውን እያዩ ቆዩ።

«ጠዋት ትምጣ» አሉ በመጨረሻ። «ፀሐይዋ ጎኑ ላይ ስታርፍ ነው የእንጨቱ መልክ የሚታየው።»

«እኔም አብሬ እሄዳለሁ» አሉ እናቲቱ። «ሌላ በር አቁሞ ያው ነው ቢላትስ? ያን በር ለይቶ የሚያውቀው ማን ሆነና!»

የልጅቷን ስም ሰኞ በማለዳ ላክሁ። ከአሥር ቀን በኋላ አዲስ አበባ ካለው ጽሕፈት ቤት ተደወለልኝ፤ የደረሳቸው ፊልም ከተመዘገበው ረዝሟል፣ ምክንያቱ ይገለጽልን አሉ።

«ተከሳሹ ቀርበው ስለተሰሙ ነው» አልኩ። ደዋዩ ቃሌን መዝግቦ አመሰገነኝ።

ፊልሙ አዲስ አበባ በታየበት ዕለት ልጅቷ ከፊት፣ ከሠሪዎቹ ጋር ተቀመጠች። ወላጆቿ ጎን ለጎን አንቀመጥም ስላሉ መካከላቸው የገባሁት እኔ ነኝ። በሩ በሸራው ላይ ብቅ አለ፤ አባትየው ከፈቱት፣ በሩም ጮኸ። ከካሜራው ጀርባ የእናቲቱ ድምፅ፣ «እኔ ቤት እያለ አይጮህም ነበር» ሲል ተሰማ፤ ተመልካቹም በሳቅ ፈነዳ።

እናቲቱ ወደ ጆሮዬ ተጠጉ። «ዘይት አደረገበት ወይ? ጠይቂልኝ።»

ጠየቅኩ።

«አድርጌበታለሁ በያት» አሉ አባትየው፣ ዓይናቸውን ከሸራው ሳይነቅሉ። «ካላመነች መጥታ ትክፈተው።»

መልእክቱን አንዲት ቃል ሳላስቀር አደረስኩ። ልጃቸው ወደ መድረኩ ስትጠራ ከሁሉም ቀድመው የተነሡት እናቲቱ ነበሩ፤ እኔንም አልፈው የባላቸውን ክንድ በክርናቸው ጎሸም አደረጉና፣ «ተነሣ እንጂ፣ ያንተም ልጅ ናት» አሏቸው።