ለኮታ የሠራሁት ሹራብ

ወንድሜ ለልጆቹ የድሮውን ጥቅምት ሲያወራላቸው እሰማዋለሁ። ፀሐዩን፣ የባቄላ እሸቱን፣ የአይከልን ማር፣ እናታችን ግቢ ተቀምጣ ሹራብ ስትሠራ የነበረውን ሁሉ እያጣፈጠ ያወራል። ልጆቹ ወደ እኔ ዞረው «እውነት እንደዚያ ነበር?» ይሉኛል። ነበር እላቸዋለሁ፤ ውሸት የለበትም። ወሬው እናታችን የላከችለት ሹራብ ላይ ሲደርስ ግን ደሜ ይፈላል። ወጥ ላማስል ብዬ ተነሥቼ እወጣለሁ። አንዳንዴ ምድጃው ላይ ምንም ወጥ የለም።

እናቴ ጎንደር ውስጥ አዋላጅ ነርስ ነበረች። ክረምቱ ወጥቶ የግቢያችን ጭቃ ሲደርቅ፣ ከሥራ ስትመለስ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር የክር ኮሮጆዋን ይዛ ፀሐይ ላይ ትቀመጣለች። መርፌዎቿ ከተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ የተሠሩ ነበሩ። ክሩን የምታመጣልን ከደባት በኩል የምትመጣ አንዲት ሴት ናት፤ ሞት አፋፍ ላይ ደርሳ እናቴ ስላዋለደቻት በየዓመቱ የፈተለችውን የበግ ጠጉር ሳታመጣ አትቀርም ነበር። ክሩ በደንብ ቢታጠብም በግ በግ ይሸታል። እኔም እናቴ አጠገብ ተቀምጬ እሠራለሁ፤ ወንድሜ መሀላችን ገብቶ እሸት ይፈለፍላል፣ ያሾፍብናል፣ የክሩን ኳስ በእግሩ ይመታል። «ለጥቅምት አንድ አጥንት» ይባል የለ፤ በእኛ ቤት አጥንቱ ባይገኝም እሸቱ አይጠፋም ነበር።

እናቴ አንድ የማትለቀው ልማድ ነበራት። ከማክሰኝት የመጣው የመጀመሪያው እሸት፣ ማንኛችንም አንዲት ፍሬ ሳንቀምስ፣ በር ላይ ላለፈ ሰው ይሰጣል። ሹራብም እንዲሁ ነው። የዓመቱ የመጀመሪያው ሹራብ ለውጭ ሰው ነው፤ ለአንዲት ወላድ ወይም ለጎረቤት ልጅ። ደግሞ ከእኛው የተሻለ ሆኖ መሠራት አለበት። «በኩሩን ራሱ የበላ ቤት አይጠግብም» ትል ነበር። ልጅ ሳለሁ ይሄ ነገሯ ያናድደኝ ነበር። ሁልጊዜ ሸጋ ሸጋው ከቤት ይወጣል፣ የተረፈው ለእኛ ይሆናል።

ከዚያ ወንድሜ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጨረሰበት ክረምት ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። እኔ ያኔ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። በመስከረም መጨረሻ አንድ ደብዳቤ ደረሰን፤ ከሰሜን ተራሮች ነው። «ሌሊቱ በጣም ይበርዳል፤ ሌላው ደህና ነው» ይላል። ሌላው ደህና ነው። ደብዳቤውን መሬት ላይ ወረወርኩት፤ እናቴ አንሥታ አቧራውን አራግፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። በነጋታው የደባቷ ሴት ክሩን አመጣች። አንድ ትልቅ ሹራብ የሚያወጣ ነበር፤ ለማን እንደሆነ መነጋገር እንኳ አላስፈለገንም።

እናቴ ጀርባውን ጨርሳ ደረቱን ስትጀምር የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር በራችንን አንኳኳች። ይህች ሴት ጎረቤታችን ናት። ሹራብ መሥራት ያስተማረቻት እናቴ ነች፤ ጣቷን እየያዘች፣ እዚያው ፀሐይ ላይ። አሁን ደብተር ይዛ መጣች። እያንዳንዱ ቤት ለግንባር አንድ ሹራብ ኮታ አለበት አለች፤ የተሰጠን ጊዜ አንድ ወር ነው። ቀጭን አመድማ የጥጥ ክር አስቀመጠችልንና ሳንጋብዛት ወደ እሸቱ ዞረች። ስለ መሥዋዕትነት እያስረዳችን በሁለት እጇ ትፈለፍላለች። የእሷ ልጅ እዚያው ቀበሌ ውስጥ የራሽን ካርድ ጸሐፊ ነበር፤ ግንባር አልሄደም።

«እሺ እትዬ» አልኳት።

«ጓድ በይኝ» አለች እያላመጠች።

«እሺ እትዬ ጓድ።»

እናቴ በዐይኗ ገሠጸችኝ። ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም፤ ደብተሯ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች።

የኮታው ሹራብ ለእኔ ደረሰ። እናቴ ሥራ ላይ ነች፤ ትርፍ ሰዓቷ ሁሉ ለወንድሜ ሹራብ ነው። እኔ ከቢሮ ስመለስ ተቀምጬ ያንን አመድማ ክር እየሠራሁ፣ በያንዳንዱ ዙር ሴትዮዋን እረግማለሁ። ወንድሜን ወስደው ሲያበቁ ሹራብም ከእኛ ይጠይቁናል! እሁዳችንን በስብሰባ በልተውብናል፤ እናቴን ከሌሊት ፈረቃ መልስ በሶ ሲያስፈጩ ውለዋል። አንድ ቀን ይሄንን ለእነሱ አሳምሬ የምሠራበት ምክንያት ጠፋኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አውቄ አበላሸሁት። ክር ሲያልቅ አዲሱን ሳልቋጥር አጠገቡ አስተኝቼ አልፋለሁ። ዐይኑን አላልቼ፣ አንዳንዱን እየዘለልኩ እሠራለሁ። እጅጌውን ከትከሻው ጋር ያያዝኩት በአንድ ነጠላ ክር ነው። ከላይ ሲታይ ግን ያምራል። እጄ ጎበዝ ነበር፤ ጎበዝ እጅ ደግሞ ክፋትንም አሳምሮ ይሠራል። ስሠራው ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይሄንንም አልደብቅም።

ማስረከቢያው ሦስት ቀን ሲቀረው እናቴ አነሣችው። እጅጌውን በሁለት ጣቷ ሳብ አደረገችው፤ ከትከሻው ለቀቀ።

«ምነው ልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ኮታ ነው።»

«ማን ይልበሰው ብለሽ ነው?»

«እሷ ትልበሰው። አለቆቿ ይልበሱት። ለእነሱ ይበቃል።»

«እነሱ ሹራብ አላጡም» አለች። «ይሄ የሚደርሰው ለአንዷ እናት ልጅ ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አታድርጊ። ተርትሪውና እንደገና ሥሪው።»

አልተረትርም አልኳት። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው ያልኳት፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። እሷ ሹራቡን አጥፋ ኮሮጆው ውስጥ ከተተችው።

እሁድ ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ሰጠችኝ። «ይሄን አዳራሹ ድረስ ወስደሽ አስረክቢ። ያንቺን እኔ ተርትሬ አስተካክዬ ለወንድምሽ እልከዋለሁ» ብላ ወጣች። ስከፍተው የደባቱ ሹራብ ነው። አንገቱን እስከ አገጭ የሚደርስ አድርጋ፣ ክርኑን በድርብ ክር አጠንክራ የጨረሰችው። እንደ እሸቱ መሆኑ ነው፤ ሸጋው ለአላፊ አግዳሚ፣ የተረፈው ለልጇ። በዚያ ሰዓት እናቴን ከሊቀመንበሯ ለይቼ አላየኋትም፤ ሁለቱም ወንድሜን የሚገፉብኝ መሰለኝ። አመድማውን ሹራብ ከኮሮጆው አወጣሁ፣ የለቀቀውን እጅጌ በአንድ ነጠላ ክር መልሼ አያያዝኩት፣ በዚያው ጋዜጣ ጠቀለልኩና ሄድኩ።

አዳራሹ ውስጥ ሊቀመንበሯ ሹራቡን ዘርግታ አየችው። ለሌሎቹ ሴቶች እንደ ምሳሌ ከፍ አድርጋ አሳየች፤ እንዲህ ነው የአብዮታዊት ቤት ሥራ አለች። ሴቶቹ አጨበጨቡ። ከዚያ አጥፋ ከሌሎቹ ጋር ጆንያ ውስጥ ከተተችው። እኔ ሳቄ መጥቶብኝ ነበር።

በማግስቱ የደባቱን የወንድሜን ሹራብ ከፈቃድ ወደዚያው ለሚመለስ አንድ የሰፈር ወታደር አደራ ሰጠሁት። እናቴ የእኔን ሹራብ ስትጠይቀኝ ንዴቴን መቻል አቅቶኝ እሳት ውስጥ ጨመርኩት አልኳት። አመነችኝ፤ ጠባዬን ታውቀዋለች። ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን ራሷ የምትለብሰውን ሹራብ መተርተር ጀመረች። በዚያ የኅዳር ብርድ ለሌሊት ፈረቃ በነጠላ ብቻ እየሄደች፣ ቀን ቀን በተተረተረው ክር ለወንድሜ ሌላ ሠራችና በፖስታ ላከችለት። እኔ ቁጭ ብዬ አያት ነበር። እውነቱን ብነግራት መተርተሯን ታቆም ነበር፤ አልነገርኳትም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ወንድሜ ለአሥራ አምስት ቀን በፈቃድ መጣ። ጥቅምት ነበር። ከስቶ ጠቁሯል፣ አንድ እግሩን ይጎትታል፤ ሲስቅ ግን ያው ነበር። እናቴ ከበላ በኋላ እግሩን እያጠበችው የላከችለት ሹራብ ደርሶት እንደሆነ ጠየቀችው።

«ደርሶኛል እማ። ያ የደባቱ ጠጉር ባይሆን አልቄልሽ ነበር። አንገቱን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ነው የማድረው።»

«የደባቱ?»

«አዎ፣ ክርኑ ድርብ የሆነው። ሌላ የደረሰኝ የለም።»

እናቴ እግሩን ማጠቧን አላቋረጠችም። ጣት ለጣት አጥባ ጨረሰች፣ በፎጣ አደረቀች፣ ጎረቤት ሄዶ ሰላም እንዲል ላከችው። እሱ ከበሩ ሲወጣ ቀና ብላ አየችኝ። ትቆጣኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ መልሴን ሁሉ ደርድሬያለሁ። ልጅሽን ያተረፍኩልሽ እኔ ነኝ ልላት ነበር።

«እና ያንኛውን ማን ለበሰው?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኳት።

ሌላ ቀን ደግማ አልጠየቀችኝም። እስክትሞት ድረስ ለወንድሜም አልነገረችውም። ሊቀመንበሯም አርጅታ ሞተች፤ ቀብሯ ላይ ቆሜ እንኳ ስረግማት ነበር፤ አሁንም ይቅር አላልኳትም። መንግሥቱንም አላልኩትም። ግን በዚያ ብርድ ሹራቡን ሲያጠልቅ እጅጌው እጁ ላይ የቀረበት አንድ ልጅ አለ፤ እሱን ሊቀመንበሯ አላሳቀቀችውም። ሹራቡን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አውቄ ነው የሠራሁት።