የአልጣሽ የይለፍ ወረቀት

የወንድሜ ሚስት አልጣሽ ሃምሳ ዓመት በትዳር ስትኖር የባሏን ስም በአፏ የጠራችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ያስጠራኋት እኔ አስካለ ማርያም ነኝ። ሌላ ሰው እንዲህ ነበር እንዲያ ነበር ብሎ ቢያወራላችሁ አትስሙት፤ እኔ እዚያው ቆሜ ነበር።

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ዓመተ ምሕረት፣ የጥልያን ጊዜ ነው። ወንድሜ ላቀው ግንበኛ ነበር፤ ቡሬ ገብቶ ለነጋዴዎች ቤት ይሠራል። ጥልያን ከተማይቱን በእሾህ ሽቦ አጠራትና አንድ በር አበጀላት። ከዚያ ወዲያ ያለ ይለፍ ወረቀት ወፍ ዝር አይልም። ከገጠር ለምትመጣ ሴት ወረቀት የሚሰጣት ደግሞ ከተማው ውስጥ ባል ካላት ብቻ ነው። እናት ነኝ፣ እህት ነኝ ብትል ዘወር በይ ትባላለች።

እኔ ለላቀው ታላቁ ነኝ። ላቀው ግንብ ያቆማል እንጂ ወጥ መሥራት ቀርቶ እሳት ማያያዝ አያውቅም። በረሃብ ሊያልቅብኝ ነው ብዬ በታኅሣሥ መጣሁ። እህት አትገባም አሉ። እንግዲያው ብዬ ከጎረቤቱ ከጨው ነጋዴው ከተስፋው ጋር ተስማማንና የተስፋው ሚስት ነኝ አልኩ። በሩን የያዘው የጥልያን ሹም የባልሽ ስም ማን ነው ቢለኝ፣ «ተስፋው እንግዳ» ብዬ ፍርጥም አልኩ። ማኅተም ተመታልኝ። ባሌ ባይሆን ነው እንጂ ባሌ ቢሆን አፌ ይሳሰር ነበር። እንደ እኔ ያሉ «ሚስቶች» በቡሬ ስንት እንደነበርን እግዜር ይወቀው።

አልጣሽ ያን ጊዜ ጅጋ አጠገብ እናቷ ቤት ናት። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው። ስለዚህ ላቀው ወረቀቷን ለግንቦት አስጽፎ፣ ወልዳ ክርስትና አስነስታ ትመጣለች ብለን ተዝናንተን ተቀምጠናል። በየካቲት መልእክት ደረሰን። የአልጣሽ እናት ጠመንጃ አንግተው ከአርበኛው ባላቸው ጋር ዱር ገብተዋል። እኒያ ሴትዮ ዱሮም ሲቸኩሉ ነው የሚኖሩ፤ ትንሽ ሰንበት ብለው ቢገቡ ምን ነበረበት? ልጃቸው ዘጠነኛ ወሯን ይዛ ባዶ ቤት ቀርታለች። ምጥ ቢይዛት ውኃ የሚያቀብላት ሰው የለም።

ላቀው ወረቀቱን አፍጥኑልኝ ሊል ሹሙ ዘንድ ሄደ። እውነቱን እንዳይናገር ያሰቅለዋል፤ «አማቴ ታመሙብኝ» አለ። የአማት መታመም ወረቀት ከሚያፈጥኑት ምክንያቶች ዝርዝር ውስጥ የለም አሉት። «ሚስቴ ልትወልድ ነው» አለ። እሱም የለም። ሦስት ቀን ተመላለሰ። በመጨረሻ አስተርጓሚው ባዬ መላ አመጣ፤ ሚስትየዋ ራሷ ሐሙስ በሩ ላይ ቀርባ የባሏን ስም በአፏ ከተናገረች እዚያው ማኅተም ይመታላታል አለን። «ይህማ ቀላል ነው» አለ ላቀው። እኔም ቀላል ነው አልኩ። ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ አላሰበውም።

መልእክት ላክንባትና አልጣሽ በበቅሎ የዛሬዋን ፍኖተ ሰላምን አልፋ በሁለት ቀኗ ቡሬ በር ደረሰች። ሹሙ ጠረጴዛ አስወጥቶ ተቀምጧል። ባዬ የባልሽ ስም ማን ነው አላት። ነጠላዋን አፏ ላይ ሰበሰበች።

«እሳቸው ናቸው» አለች፣ ወደ ላቀው ሳታይ።

«ስም ነው የተጠየቅሽ።»

«የቤቴ ጌታ።»

«ስማቸውን ነው እኮ።»

«የእትዬ አስካለ ወንድም።»

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። በሠርጓ ማግሥት እናቴ ራሷ አስቀምጣ ነበር የመከረቻት፤ ጨዋ ሚስት የባሏን ስም አትጠራም። ላቀው ተጠግቶ «ግድ የለሽም ጥሪኝ፣ እኔው ፈቅጃለሁ» ብሎ ለመናት። «ምን በድዬዎት ነው በሰው ፊት የሚያዋርዱኝ?» አለችና እንባዋ መጣ። ሹሙ ይህች ሴት ሰውየውን አታውቀውም፣ መልሷት አለ።

ባዬ ወጋችን እንዲህ ነው ብሎ አንዲት ቃል ቢተነፍስ አልጣሽ ትገባ ነበር። ግን ሹሙ ይህን ቢሰማ መዝገቡን ገልጦ፣ የባሏን ስም ሳታፍር የጠራችውን ሁሉ ሊለቅም ነው። የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። ባዬ አየኝ፣ እኔም አየሁት። ሁለታችንም ዝም አልን። በዚያ ዝምታዬ ዛሬም አፍራለሁ።

በቅሎዋን ሲያዞሩባት ግን አላስቻለኝም። «ላቀው፣ ፍታት» አልኩት።

«ምን አልሽ?»

«ፍታት። ባሏ ካልሆንክ ስምህን ብትጠራ ነውሩ ምኑ ላይ ነው?»

ወረቀት ከሚጠብቀው ሰልፍ ውስጥ አቶ ዘሩ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ሁለት ሰዎች ከኋላቸው ጎትተው ወጡና ሦስት ሆነው ለምስክርነት ቆሙ። «እንዲህ ያለ ፍቺ አይቼ አላውቅም፤ ይሁን» አሉ። ሹሙ ምን እያደረጉ ነው ቢል ባዬ ይጸልያሉ አለው። ላቀው «በእናንተ ፊት ፈትቻታለሁ» አለ።

አልጣሽ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች።

«ላቀው!» አለች። «ላቀው ወልዴ! ሁለት ቀን በበቅሎ አንገላተህ በር ላይ የምትፈታኝ አንተ ማን ነህ? ይህን ሆድ ማን አመጣው፣ ላቀው? ብቻዬን ጸነስኩት፣ ላቀው?»

እንዲህ እያለች ዘጠኝ ጊዜ ጠራችው፤ ቆጥሬያለሁ። ላቀው ጠረጴዛው ድረስ አፈገፈገ። ሹሙ ባዬን ትርጉም አልጠየቀውም። የእኔም ሚስት የምትጠራኝ እንዲህ ነው አለና ማኅተሙን መታ።

በሩን ካለፍን በኋላ ሌላ ጣጣ መጣ። ያላገባኝ ሰው ቤት አልገባም ብላ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እነአቶ ዘሩ እንደገና ተሰብስበው አጋቧቸው። እሷም ወዲያው ነጠላዋን ወደ አፏ መልሳ «ሁለተኛ እንዳይፈቱኝ» አለችው። እሑድ ሴት ልጅ ወለደች፤ እትብቷን የቆረጥኩ እኔ ነኝ።

ላቀው ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኩን አሾፈባት። «እስቲ ስሜን አንዴ ጥሪኝ» ይላታል። «ይፍቱኝና» ትለዋለች። ልጆች ወለዱ፣ የልጅ ልጅ አዩ፣ ጨዋታው ግን አልተለወጠም።

ሁለተኛው ጊዜ ላቀው ሊሞት ሲል ነው። ድምፁ አልቋል፤ ከንፈሩን ብቻ አንቀሳቅሶ «እስቲ ጥሪኝ» አላት።

«ሳይፈቱኝ?» አለችው።

አዎ በሚል ራሱን ነቀነቀ። ጎንበስ ብላ ጆሮው ላይ «ላቀው» አለችው።

አቤት ብሎኛል ትላለች። እኔ በራፉ ላይ ቆሜ ነበር፤ አልሰማሁም። በሕይወቴ ያልተከራከርኳት ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው።