ሽማግሌ የመለሰችው መቅዲ

መቅዲ ሰው ማንሳት የተማረችው ፍራንክፈርት፣ ሆኽስት ሰፈር ባለው የአረጋውያን መጦሪያ ነው። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መታጠቢያ፣ ከመታጠቢያ መልሶ ወደ አልጋ። ማንሳቱ ቀላል ነው፣ ጭንቁ ማስቀመጡ ላይ ነው ትለኛለች። ያነሳሽው ሰው ራሱን ሰጥቶሻል፤ ቸኩለሽ ካስቀመጥሽው አጥንቱ ይሰበራል። እኔ አያቷ ነኝ፤ ያሳደግኳትም እኔ ነኝ። እናቷ ቀጭን ነበረች። የመቅዲን ትከሻ ባየሁ ቁጥር ይሄ ደግሞ ከየት መጣ እላለሁ።

ሬስሊንግ የሚሉት የትግል ትርኢት ውስጥ የገባችውም በዚሁ ትከሻ ምክንያት ነው። አብራት የምትሠራ ጀርመናዊት፣ አንድ ከባድ ሽማግሌ ብቻዋን ስታነሳ አየቻትና እኛው ሰፈር፣ ሪደርቫልድ ወዳለ አዳራሽ ወሰደቻት። እዚያ መጀመሪያ ያስተማሯት መውደቅ ነው። ጀርባዋ በልዞ ስትመጣ ማን መታሽ እላታለሁ። ማንም አልመታኝም፣ ወድቄ ነው ትለኛለች። ማን ጣለሽ ስላት፣ እኔው ትላለች። ለዚህ ነው ወይ ከአገር ያመጣሁሽ ብዬ ቅባት እቀባት ነበር።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ድብድብ ይመስላል እንጂ ማን እንደሚያሸንፍ ቀድሞ ተነጋግረው ይገባሉ። የሚወድቀው ግን በእውነት ይወድቃል። አንዱ ደግ ሆኖ ይገባል፣ አንዱ ክፉ። ሰው የሚመጣው ክፉው ሲወድቅ ለማየት ነው፤ ስለዚህ ክፉውን የሚጫወተው በደንብ መጠላት አለበት። ያ ካልሆነ ደጉን ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

የትዕይንቱ ባለቤት ሄር ክራውዘ መጀመሪያ የነብር ቆዳ የሚመስል ጨርቅ አምጥቶ፣ ይህን ለብሰሽ በከበሮ ትገቢያለሽ አላት። መቅዲ ነብር ያየሁት እዚሁ ፍራንክፈርት፣ ከአጥር ጀርባ ነው፤ አንተም ያየኸው እዚያው ነው፣ አንተ ልበሰው አለችው። በዚህ ምክንያት ክረምቱን ሙሉ ወደ ሪንጉ፣ በገመድ ወደታጠረው መጋጠሚያ መድረክ፣ አላስገባትም። ሳንቃና ብረት ስትሸከም፣ ሪንጉን ስትገጥምና ስትፈታ ከረመች። እኔ ተይው፣ ሌላ ነገር ያዢ አልኳት። አልተወችም። ጸደይ ሲገባ ሄዳ፣ "ክፉ አድርገኝ፤ ክፋቱ ግን የራሴ ይሁን" አለችው።

እንዲህ ሆነና ነጭ የነርስ ልብስ ለብሳ፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ አጥብቃ አስራ መግባት ጀመረች። ሕዝቡን ያልተጠረገ ወለል እንደምታይ ሆና ታየዋለች። ቀስ ብላ ትናገራለች። ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ምሳችሁን በልታችሁ ጨርሱ ትላቸዋለች። በመጀመሪያው ቀን አዳራሹ ሙሉ በጩኸት አስወጣት። ቤት ስትገባ ፊቷ እንደ ሙሽራ በርቶ ነበር።

"እማማ፣ ጠሉኝ" አለችኝ።

ባልንጀራዋ ሓርነት ናት። ሓርነት የኣቦይ ባህታ የልጅ ልጅ ስትሆን እዚሁ ነው የተወለደችው፤ በአማርኛ ስንጠይቃት በጀርመንኛ ትመልሳለች። ኣቦይ ባህታ አማርኛን አስመራ ትምህርት ቤት የተማሩ፣ ሆኽስት ፋብሪካ ውስጥ ኖረው ጡረታ የወጡ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ሁለቱ ልጆች አብረው ይለማመዳሉ፣ አብረው ኤስ-ባን ባቡር ይሳፈራሉ፣ አንዷ የሌላዋን ቦርሳ ትይዛለች። ሪንግ ውስጥ ሓርነት ደጓ ናት።

በመከር ሄርብስትሽቱርም የሚሉት ትልቅ ዝግጅት አለ፤ ማዕበል እንደማለት ነው። አዳራሽ ያልመጣው በያለበት ከፍሎ በኢንተርኔት ያየዋል። የዝግጅቱ ጌታ መጨረሻ ላይ የሚገጥመው ነው። ሄር ክራውዘ ያንን ቦታ ለሴቶች ሰጥቶ አያውቅም። ዘንድሮ ግን ጠባችሁ ሰውን ካቃጠለው የመጨረሻው የእናንተ ነው አላቸው። ከቀዘቀዘ ግን ወደ መክፈቻው ትወርዳላችሁ፣ ማብቂያው የወንዶቹ ይሆናል። መቅዲ የፈለገችው ይህን ብቻ ነበር። እንቅልፏንም እሱው ወሰደው።

ታዲያ ሁለቱ ተማከሩ። መቅዲ አሮጌ ነጠላ አለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ለምን እንደሆነ ሳልጠይቅ ሰጠኋት። በቀረጹት ቪዲዮ ሓርነት ነጠላውን ተከናንባ ቆማለች። መቅዲ ከኋላ መጥታ ነጠቀቻት፣ ጫማዋን ጠረገችበትና መሬት ላይ ጥላ ቆመችበት። "እናትሽ የፈተለችው ለእኔ ጫማ ነው" አለች፣ በአማርኛ። ጀርመኖቹ ጨርቅ ነው ብለው አለፉት። የእኛ ሰው ግን ነደደ። ቪዲዮው ከስልክ ስልክ ዞሮ እኔ ጋ ሲደርስ የገዛ ነጠላዬን አወቅኩት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌ ቤታችን መጣ። በቤተ ክርስቲያን ጉባኤ የሚከበሩት አቶ ጉልላት ከፊት፣ ኣቦይ ባህታ ከኋላ። ሓርነትንም ይዘዋታል። አቶ ጉልላት አልቀመጥም አሉ፤ እርቅ ሳይወርድ የሰው ወንበር አይሞቅም ብለው ቆሙ። ሻይ ቀረበ፣ አልነኩትም።

መቅዲ ከሥራ ገብታ ገና ጫማዋን አላወለቀችም። ጉልበት ሳመችና ነገሩ ጠብ እንዳልሆነ፣ ጨዋታ እንደሆነ፣ ሓርነትም ጓደኛዋ እንደሆነች ነገረቻቸው። ሓርነትም ራሷን እየነቀነቀች መሰከረች። አቶ ጉልላት ሁሉንም በትዕግሥት ሰሙ።

"ጥሩ። ጨዋታ ከሆነ እርቁም ጨዋታ ይሁን። ተሳሳሙ፣ በስልክ እንቅረጻችሁና ለሕዝቡ እንላክለት። ምን ያስፈራሻል?"

እውነቴን ነው፣ ደህና አድርገው ያዟት። እኔም ምን ትመልስ ይሆን ብዬ አየኋት።

ከመመለሷ በፊት ኣቦይ ባህታ ተናገሩ። በእኛ ሕንጻ ከጦርነቱ ወዲህ ሰላም የማይባባሉ የኢትዮጵያና የኤርትራ ሰዎች አሉ አሉ። አሁን ደረጃ ላይ ሲገናኙ አንዱ ነጠላችንን ረገጠች ይላል፣ ሌላው ደግ አደረገች ይላል። "ልጄ፣ አንቺ ስትጫወቺ እዚያ አይጫወቱም" አሏት።

መቅዲ አንገቷን ደፋች። አምናቸዋለች፤ ሽማግሌ ስታጥብ የምትውል ልጅ የሽማግሌ ድምፅ ታውቃለች። ቀና ስትል ግን ያው መቅዲ ነበረች።

"ጋሼ ጉልላት፣ አሁን ከተሳሳምን የመጨረሻውን ቦታ እናጣለን። ያንን ቦታ ደግሞ ማንም ሴት አግኝታው አታውቅም። ጨዋታው ይለቅና እናንተ ባላችሁት ቤት መጥቼ ጉልበታችሁን እስማለሁ። ከዚያ በፊት አይሆንም።"

"ሽማግሌ መለስሽ?"

"መለስኩ።"

አቶ ጉልላት ወደ እኔ ዞሩ። እትዬ አረጋሽ፣ እርስዎም ሰምተዋል ብለው ወጡ። አገር ቤት በገና በዓል ጨዋታ ስድብ አያጣላም፣ ጌታውም አይቆጣም ነበር፤ እላቸዋለሁ ብዬ ሳመነታ በሩ ተዘጋ። ሓርነት ከደረጃው ተመልሳ ሮጣ መጣችና፣ እንሳሳምላቸው፣ አያቴ እንቅልፍ አጡ አለቻት፤ በጀርመንኛ ስለነበር መቅዲ ናት በኋላ የነገረችኝ። መቅዲ አቀፈቻት እንጂ እሺ አላለችም። ሓርነት አልቅሳ ሄደች፤ በማግስቱ ግን ልምምድ ላይ ተገናኙ።

የዝግጅቱ ቀን ቅዳሜ ነበር። አዳራሹ ጢም ብሏል። የእኛ ሰዎች ከመቼውም በላይ መጥተዋል፤ የኢትዮጵያ ሰዎች በአንድ ወገን፣ የኤርትራ ሰዎች በሌላ ወገን፣ መሐል ላይ ባዶ ወንበሮች ቀርተዋል። እኔ ዘግይቼ ስለገባሁ እነዚያው ባዶዎቹ ላይ ተቀመጥኩ። ከፊት፣ ከሪንጉ አጠገብ፣ አቶ ጉልላት ጋቢያቸውን ተከናንበው ኣቦይ ባህታን አስከትለው ተቀምጠዋል። ምን ሊያደርጉ እንደመጡ ማን ያውቃል።

ሓርነት ገባች፤ ተጨበጨበላት። መቅዲ በነጩ ልብሷ ገባች፤ ጣሪያው እስኪነቃነቅ ተሰደበች። ልክ ሁለቱ ሪንግ መሐል ፊት ለፊት ሲቆሙ አቶ ጉልላት ተነሱ። ኣቦይ ባህታም ተከተሉ። ጥበቃው ወጣት የትዕይንቱ ክፍል መስሎት አጥሩን ከፈተላቸው። እንዲያውም እንዳይደናቀፉ ገመዱን አነሳላቸው። ካሜራውም ተከተላቸው።

አዳራሹ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ። ጀርመኖቹ ነጭ ለብሰው የሚወጡትን ሁለት ሽማግሌዎች አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። ኣቦይ ባህታ ጉልበታቸው ደካማ ነው። የሪንጉ ደረጃ ላይ ሲደርሱ ተንገዳገዱ። መቅዲ ወደ ገመዱ ተጠግታ፣ ጀርባዋን ለካሜራው ሰጥታ ቆማ ነበር፤ እጇ ሹልክ ብሎ ክንዳቸውን ከሥር ደገፈ፣ እግራቸው ሳንቃውን እስኪረግጥ ቆየና ተመለሰ። አዳራሹ አላየም። እኔ የማየው እሷን ብቻ ስለነበር አየሁ።

አቶ ጉልላት እጃቸውን ዘርግተው ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ አሉ። ድምፅ ማጉያ አላስፈለጋቸውም። ሓርነት ተንበርክካ ጉልበታቸውን ሳመች። አዳራሹ አጨበጨበ፤ የእኛ ሴቶች እልል አሉ። ከዚያ እጃቸው ወደ መቅዲ ዞረ።

ብትስም ጨዋታው እዚያው አለቀ፤ ያ ሁሉ የተሸከመችው ሳንቃና ብረት ከንቱ ሆነ። ባትስም በአገሬው ሁሉ ፊት ሽማግሌ መለሰች ማለት ነው፤ ያኛው በጓዳ ነበር፣ ይሄኛው አገር እያየ ነው። ሓርነት ተንበርክካ ቀና ብላ ታያታለች።

መቅዲ የተዘረጋውን እጅ አየችው። ከላይ እስከ ታች ቃኘቻቸው፣ ማይክሮፎኑን አነሳች።

"እዚህ ቤት ሽማግሌዋ እኔ ነኝ" አለች። "ሂዱና ተቀመጡ።"

በጀርመንኛ ደገመችው፣ ጀርባዋንም ሰጠቻቸው።

እንዲያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ሓርነት ሁለቱን አዛውንት ክንዳቸውን ይዛ ወደ ወንበራቸው አደረሰቻቸው፤ ከዚያ ቀበቶዋን አጥብቃ ስትመለስ የማይወዳት ሰው አልነበረም። ተጋጠሙ። መቅዲ አነሳቻት፣ ጣለቻት፣ ነጠላዬን ደግሞ ከኪሷ አውጥታ ላቧን ጠረገችበት። ሰው ከወንበሩ እየተነሳ ወደ ፊት ገፋ። ባዶ የነበረው መሐል ሞላ። ማን ከየትኛው ወገን እንደመጣ መለየት አቃተኝ፤ በትግርኛም በአማርኛም አንዲቷኑ ይሰድባሉ። አጠገቤ የመጣች አንዲት ሴት ትከሻዬን ያዘችና፣ "አሳዳጊ የበደላት ናት፣ አይደል እናቴ?" አለችኝ። አሳዳጊዋ እኔ ነኝ አላልኳትም። ናት አልኳት።

መጨረሻ ላይ ሓርነት መቅዲን ከገመዱ ላይ ዘላ ጣለቻት። አዳራሹ ተቃቀፈ። ያቺ ሴት እኔንም አቀፈችኝ።

ሲያበቃ ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ሄድኩ። ሁለቱ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ግድግዳ ተደግፈው አንድ ጠርሙስ ውኃ ይቀባበላሉ። ሄር ክራውዘ እየሮጠ ገባ። እነዚያ ሽማግሌዎች ድንቅ ናቸው አለ፤ ለጸደዩ ዝግጅት ይቀጠሩልኝ፣ በየጊዜው ይውጡ፣ በየጊዜው መልሻቸው፤ እንዲህ ከሆነ የመጨረሻው ቦታ ከእንግዲህ የእናንተው ነው አለ። ለእኔ በአማርኛ የተረጎመችልኝ መቅዲ ናት፤ ስትተረጉም ፊቷ እየጠቆረ ሄደ።

"አይሆንም" አለችው። እነሱ የመጡት ሊያስታርቁ ነው፤ የሚቀጠሩ ሰዎች አይደሉም። እኔ ልመልሳቸው እችላለሁ፣ የእኔ ሽማግሌዎች ናቸው። አንተ ግን አትሸጣቸውም አለችው።

ሄር ክራውዘ ሳቀ። እንግዲያው በጸደይ መክፈቻው ላይ ትገጥማላችሁ፣ መጨረሻው የወንዶቹ ነው አላት። ምርጫው የራስሽ ነው አለ።

መቅዲ ሓርነትን አየቻት። ሓርነት ውኃውን ዋጥ አደረገችና ዘንድሮ አንድ ጊዜ እንኳ ስትናገረው ባልሰማሁት አማርኛ ተናገረች፤ "እንክፈትላቸዋ። ከእኛ ቀጥለው የሚወጡት ይጨነቁ" አለች። ክራውዘ ምን እንዳለች ጠየቀ። አልተረጎሙለትም።

መቅዲ በተናገረችው መሠረት በሳምንቱ እሑድ ጉልበት ልትስም ሄደች። ኣቦይ ባህታ ጎትተው አቀፏት። በሕንጻቸው ደረጃ ላይ ሰዎቹ አሁን ስለ እሷ ያወራሉ አሉ፤ ሁለቱም ወገን፣ አንድ ላይ፣ ክፉ ክፉውን። አቶ ጉልላት ግን እግራቸውን ሰበሰቡ። በጉባኤው ፊት ይቅርታ በይ አሏት። ለእናንተ ጉልበት እንጂ ለተናገርኩት ይቅርታ የለኝም አለችና ወጣች። ከዚያ ወዲህ ቅዳሴ ላይ አልፈዋት ይሄዳሉ። እሷም ቦታዋን አልቀየረችም፤ እዚያው በሩ አጠገብ፣ እሳቸው በሚያልፉበት በኩል ትቆማለች።

ክራውዘ ሊቀጥራቸው ፈልጎ እንደነበር፣ ለክብራቸው ስትል ቦታዋን እንዳጣች አቶ ጉልላት አያውቁም። ልንገራቸው ስላት አትሞክሪያት አለችኝ። እንዲያዝኑልኝ አልፈልግም፣ ይጥሉኝ አለች። እኔም ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ ለአቶ ጉልላት አንድም ቃል አልነገርኳቸውም። ጻፍኩት እንጂ። እሳቸው ደግሞ የተጻፈ ሳያነቡ የሚያልፉ ሰው አይደሉም።