የሺ ኖር ብላ እስክትነሳ

ገብስ በምናጭድበት ሰሞን ነው የጀመራት። ልጄ የሺ፣ አንገቴ ደረቀ፣ አገጬን ደረቴ ላይ ማድረስ አቃተኝ አለች። ግንባሯን ብነካው ይፋጃል። ምች ነው ብዬ ዳማከሴ ጨምቄ አጠጣኋት። በማግስቱም አልበረደላትም፤ ጭራሽ ወገቧን ያዛት። ከዚያ ትኩሳቱ ለቀቃት። ተመስገን አልን። ከመደቡ ልትወርድ ስትል ቀኝ እግሯ አልታዘዛትም።

ቆነጠጥኳት። ያመኛል አለች። አንሺው አልኳት። አላነሳችውም።

አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ከእሷ በፊት የወለድኳቸው አልተረፉልኝም። እንግዲህ ፍርሃቴን ከዚህ ገምቱት።

ጠበል ወሰድናት። ነፍሷን ያቆየልኝ ጠበሉ ነው እላለሁ፤ እስከ ዛሬም አልተውኩትም። የነፍስ አባታችን መምሬ ተክሌ ግን እግሯን አይተው፣ ጠበሉም የእግዜር ሐኪሙም የእግዜር ነው፣ አትዘግዩ አሉን። ጎረቤት ተሰብስቦ በቃሬዛ መሐል ሜዳ ከተማ አደረሳት፤ ከዚያ በጭነት መኪና ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ወረድን።

ሐኪሙ እግሯን በትንሽ መዶሻ እየነካኩ ብዙ ቆዩ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

«ፖሊዮ ነው፤ እናንተ ልምሻ የምትሉት። ነርቩን ጎድቶታል። የሞተውን የሚያስነሳ መድኃኒት የለኝም። የተረፈው ጡንቻ ግን ከተሠራበት ይበረታል፤ ከተኛ ይሰንፋል።»

ትሄዳለች ወይ አልኳቸው። እሱን እኔ አልነግርሽም፣ እሷ ናት የምትነግርሽ አሉኝ። መሐል ሜዳ ክሊኒክ ላለው ድሬሰር፣ ለሐኪም ረዳቱ፣ አደራ ብለው ሰደዱን።

ድሬሰሩ ግርማ የሚባል ልጅ እግር ነው፤ የራቤል አገር ሰው። መርፌ ይወጋልኛል ብዬ ስጠብቅ መርፌ አላወጣም። አሮጌ ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብሳችንን ቀድጄ፣ ፍል ውሃ ነክሬ፣ ጠምዝዤ ጭኗንና ባቷን እንድጠቀልልበት አሳየኝ። የታሰረው ጡንቻ በሙቀቱ ሲላላ እግሯን ቀስ አድርጌ እንዳጥፍና እንድዘረጋ አስተማረኝ። ይሄን ወደድኩት። የበግ ጠጉር መቼ አጣን? ሳሞቃት ብውል አይሰለቸኝም።

የከበደኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። ግርማ በአጠገባችን ባለው በሞላሌ ገበያ ቀን ሥራ ኖሮት ሲመጣ እኛ ቤት ጎራ ይላል። አንድ ቀን ፊት ለፊቷ ቁጭ ብሎ፣ እንዲህ ሆነሽ ከሁሉ የሚያሳፍርሽ ምንድን ነው ብሎ ጠየቃት። ከጓደኞቼ ጋር ውሃ አለመውረዴ ትላለች ብዬ ነበር።

«ሰው ሲገባ ኖር ብዬ አለመነሳቴ» አለች።

በእኛ አገር ትልቅ ሰው ሲገባ ተቀምጦ የሚቆይ የለም። ቤት ውስጥ ያለው ኖር ብሎ ይነሳል፤ የገባውም በእግዜር ብሎ ያስቀምጠዋል። የሺ ከታመመች ወዲህ ግን የሚገባው ሁሉ ገና ከደጅ፣ በእግዜር፣ አትነሺ፣ አትነሺ ይላል። በርኅራኄ ነው። ለካ ልጄ በየቀኑ ስትሰማው የኖረችው አትነሺን ኖሯል።

«እንግዲያው ትምህርታችን እሱ ነው» አለ ግርማ።

የሚገርመው፣ አይነግራትም፤ ይጠይቃታል። ለመነሳት መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ ይላታል። እጄን መደቡ ላይ አስደግፋለሁ ትላለች። ቀጥሎስ? ታስባለች። የታመመውን እግሯን በእጇ ስባ ከሥሯ ታስገባለች። ቀጥሎስ? እኔ በሆዴ፣ ይሄ ሰው አያውቀውም እንዴ የሚጠይቃት እል ነበር። ግን ራሷ ያገኘችውን አትረሳም፤ እኔ የነገርኳትን ግን ወዲያው ትረሳዋለች።

ወደ እኔ ዞሮ እንዝርቴን አነሳና እጄ ላይ አደረገው።

«እርስዎም ተማሪ ነዎት። ከወደቀች ይድረሱላት። ስትንገዳገድ ግን እጅዎን ሳይዘረጉ ይፍተሉ።»

ጎረቤቱን ለመንኩ። ስትመጡ ደጁ ላይ ቁሙልኝ፣ እስክትነሳ በእግዜር አትበሉ አልኩ። ገሚሱ ጨካኝ ናት አለኝ። እትዬ ዘነቡ የሚባሉ ጎረቤቴ ግን፣ ብርዱ ውስጥ ደጃፍ ቆመው፣ «ለደጃዝማችም እንዲህ ደጅ አልጠናሁ፤ ነይ እንጂ አንቺ ልጅ፣ ተነሺና አስገቢኝ» ይሏታል። እሷ ስትስቅ ጉልበቷ ይከዳታል። እንደገና ትጀምራለች።

ከዚያ ወደቀች።

አንድ ጎረቤት ደጅ ቆሞ ነበር። ተነሳች። ስትነሳ የምትይዘውን ምሰሶ ሳተችው። በፊቷ ወደቀች። ከንፈሯ ተሰነጠቀ። ደም። እንዝርቱን ወርውሬ አፈስኳት።

ግርማ ሲመጣ በቃን አልኩት። አልተከራከረኝም። ምን ፈርተው ነው አለኝ። ትወድቃለች አልኩ።

«ወድቃለች። ከዚያስ?»

ከዚያማ እኔ አነሳኋት አልኩት።

«እርስዎ በሌሉበት ቀንስ?»

ጥያቄው ልጄን ብቻ የሚያስነሳ መስሎኝ ነበር፤ እኔንም ከተቀመጥኩበት አስነሳኝ። የሺ ባበጠ ከንፈሯ፣ እንግዲያው ከወደቅሁበት መነሳትም አስተምረኝ አለችው። መሬት ላይ አጎዛ አነጠፍን። ዱላ ይዛ መውደቅና መነሳት ተማረች። እኔም እፈትላለሁ። የዚያን ሰሞን ፈትል ቋጠሮ በቋጠሮ ነው።

መምሬ ተክሌ ቤት ሊረጩ ጠበል ይዘው የመጡ ለት፣ እንደ ልማዳችን ደጃፉ ላይ ቆሙ። ሽማግሌ ናቸው፤ መቋሚያቸውን ተደግፈዋል። የሺ እጇን አስደገፈች። እግሯን ሳበች። ተነሳች። ምሰሶውን አልያዘችም።

«ኖር፣ አባቴ።»

መምሬ መቋሚያቸውን እየተደገፉ ገቡ። «በእግዜር፣ ልጄ። አሁን ተቀመጪ፤ እኔም ጉልበቴ አልቋል» አሏት።

ዛሬ የሺ ሞላሌ ትምህርት ቤት ትመላለሳለች። ቀኝ እግሯ ከግራው ይቀጥናል፣ ዱላም አልተለያትም፤ ዳገቱን ግን ጓደኞቿ ሳይጠብቋት ትወጣዋለች፣ ወገቤን ሲለኝም ውሃውን የምትቀዳልኝ እሷ ናት። ሐኪሙን፣ የተሸከሙንን ጎረቤቶች፣ ብርድ ላይ የቆሙልኝን እትዬ ዘነቡን፣ መምሬን፣ ከሁሉም የራቤሉን ልጅ እግዜር ይስጥልኝ። ሰው እንደሚለወጥ በልጄም በራሴም ያየሁት በእነሱ ነው።

ልጃችሁ እንዲህ የሆነባችሁ እናቶች፣ የልጁ አንገት ከደረቀና እግሩ ከሰነፈ አትቆዩ፤ ሐኪም ቤት አድርሱት። ከዚያ በኋላ የሚሸከምላችሁ ሰው ታገኛላችሁ፤ እናንተ ግን ደግሞ ቀጥሎስ እያለ የሚጠይቅ ሰው ፈልጉ። ልጁ ራሱ የሚፈልገውንም ጠይቁት፤ እናንተ ካሰባችሁት ሌላ ይሆናል። ፍርሃቱ እስኪለቃችሁ አትጠብቁ። እኔን አልለቀቀኝም። ሰው ገብቶ የሺ ብድግ ስትል አሁንም ትንሽ ትንገዳገዳለች።

ያኔ እፈትላለሁ።