በሚካኤል ቀን የተኮተኮተ ድንች

ሚካኤልን ኮተኮትኩት። የቀን ስህተት ነው፤ አሥራ አንድ ነው ብዬ አሥራ ሁለትን ደፈርኩት። ከፈረንጁ የቀን መቁጠሪያ ወደ ሐበሻው ስሻገር አንዳንዴ ድልድዩ ላይ እወድቃለሁ፤ ያን ቀን የወደቅኩት ድንች መሃል ነበር፣ ያውም እያፏጨሁ።

«አንተ ሰውዬ!»

ቀና ስል እትዬ የአትክልቱ በር ላይ ቆመዋል። ለንደን፣ ስቶክዌል፣ አንድ ሕንፃ ውስጥ የምንኖር ጎረቤቴ ናቸው፤ በዕድሜም፣ በጾምም፣ በቁጣም ይበልጡኛል። መሬቷም የእሳቸው ናት። አሎትመንት ይሏታል እዚህ፤ ካውንስሉ፣ የሰፈሩ አስተዳደር፣ ጓሮ ለሌለው ሰው የሚያከራያት የአትክልት ቦታ። ባለቤታቸው ነበሩ መጀመሪያ የቆፈሯት፤ እሳቸው ካረፉ ወዲህ እትዬ እዚያ ሄደው ካልተቀመጡ ቀኑ አይመሽላቸውም።

«ዛሬ ማን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ረቡዕ» አልኩ።

«ሚካኤል ነው! ይህን መደብ እኔ አልቀምሰውም። ብቻህን ትበላዋለህ።»

«እትዬ፣ ገና ቅጠል እኮ ነው።»

«ቅጠሉንም አንተው ብላው!»

የወረርሽኙ ዓመት ነበር። ያን ጊዜ የሱቅ መደርደሪያ ሁሉ ባዶውን ሲቀር እኛን ያገኘን መከራ ለየት ያለ ነው፤ በሁዳዴ ሥጋው ሞልቶ ምስሩ ጠፋ። ብሪክስተን ገበያ አንዲት ከረጢት ሽምብራ ፍለጋ የተሰለፍኩትን ሰልፍ ለገነት በር ተሰልፌው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ያኔ ነው እትዬ የማሉት፦ ለፍልሰታ ከቤት መውጣት ያልቻለ የማኅበራችን ሽማግሌ ሁሉ ድንችና ጎመን ከእሳቸው መሬት ይበላል። እኛም የማኅበሩ ሰዎች በየተራ መቆፈር ያዝን።

የመቆፈሪያ ቀን ግን ከየት ይምጣ? አቦ አለ፣ ሥላሴ አለ፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔ ዓለም። ቅዳሜና እሑድ አለ። ተርፎ የተገኘውን ቀን ደግሞ የለንደን ዝናብ ያከብረዋል። በዓል የማያውቅ አረሙ ብቻ ነው፤ በሚካኤልም ያድጋል፣ በማርያምም ያድጋል።

ያን ቀን እትዬ ቁጣቸው ሲበርድ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የቦታው ኃላፊ ትናንት በአጥሩ በኩል አናገረኝ። ረጅሙ ሰውዬ። በጣም በትሕትና ነው ያናገረኝ።»

እንግሊዝ በጣም ትሑት ከሆነ ነገር አለ። «ምን አለ?»

«በሚቀጥለው ጊዜ ቼክ ሲያደርግ ግማሹ እንዲህ ዳዋ እንደለበሰ ካገኘው፣ ተራ ለሚጠብቅ ሰው ይሰጠዋል።» እጃቸውን አፈሩ ላይ አሳረፉ። «ይቺን ከወሰዱብኝ ወዴት እሄዳለሁ?»

ቤት ገብቼ ራዲዮ ስከፍት መልሱ ከራዲዮ መጣ፦ የእንግሊዝ ገበሬዎች ፍሬው ማሳ ላይ እንዳይበሰብስ ከውጭ አገር ለቃሚዎች በአውሮፕላን እያስገቡ ነው። በማግስቱ ለእትዬ ነገርኳቸው።

«እኛም የውጭ ሠራተኛ እናስገባ።»

«ከየት አገር?»

«ከሦስተኛ ፎቅ።»

ከሕንፃችን ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው የወሎ ሰው ነው፣ እስላም፣ የታክሲ ሾፌር። መንገዱ ሰው አልባ ሆኖ መኪናው በር ላይ ከቆመ ቆይቷል። እኔም የኢሚግሬሽን ሚኒስትር ሆኜ ራሴን ሾምኩ። የራሴን ወረቀት ስጠብቅ ጸጉሬ የሸበተው ሰውዬ፣ ይኸው ግቢ ውስጥ ቆሜ ወደ በረንዳው ቪዛ አድላለሁ።

«የእርሻ ቪዛ ትፈልጋለህ?»

«ደሞዙ ስንት ነው ጋሼ?»

«ጽድቅ!»

«እሱን ለራስዎ ያስቀምጡት፣ ያስፈልግዎታል!»

ሳቁን ሳይጨርስ ወረደ። እትዬ ግን ገና አላመኑም ነበር። «እሱ ለእኔ ብሎ በሚካኤል ከቆፈረ፣ በዓሉን የሻርኩት እኔው አይደለሁም?»

«እማማ፣ እኛ አገር እንዲህ አይደል እንዴ የምንኖረው?» አለ ከራቀበት ቆሞ። «ጎረቤታችን በጊዮርጊስ ቀን ደመና ሲከብድበት ጤፉን አባቴ ያጭድለታል። አባቴ ጁምዓ ሲሄድ እሱ የእኛን ያጭዳል። ወንፈል ነው። ብር አልፈልግም። ቀን አበድሬ ቀን እቀበላለሁ።»

«ወንፈል ከሆነማ አገር ያወቀው ነው» አሉ እትዬ። «ግን እያንዳንድህ ትከፍላለህ!» ይህን ሲሉ ያዩት እኔን ነበር።

ከዚያ ወዲያ እሱና ሥራ የፈቱ ሁለት ጓደኞቹ በበዓላችን ቀን ይገባሉ፣ እኛ በአዘቦቱ። አርብ አርብ እሱ የተከላትን ቃሪያ ውኃ የምናጠጣው እኛ ነን። እትዬ በበዓል ቀን መሬቱን አልረግጥም ብለው ከአጥሩ ውጭ በርጩማቸው ላይ ይቀመጣሉ። «ወደ ግራ! ሥሩን! ሥሩን ንቀለው!» ይላሉ። እኔ ከጎናቸው ሆኜ፣ «እትዬ፣ ይህ ሥራ አይደለም?» ስላቸው፣ «ጣቴን ነው የቀሰርኩት፤ ጣት መቀሰር አልተከለከለም» ይሉኛል። ዛሬም የእርጥብ አፈር ሽታ ሲመጣብኝ የምሰማው ያንን ድምፅ ነው።

ረጅሙ ሰውዬ መጣ። በመደቦቹ መሃል ተመላለሰ፣ ጎንበስ ብሎ ጎመኑን ነካ፣ ከዚያም «ላቭሊ» አለ። እትዬ እሱ እስኪርቅ ጠበቁና መሬቷን ጎንበስ ብለው ሳሟት። በፍልሰታ ድንቹን የወሎው ሰው በታክሲው ጭኖ ከበር ወደ በር አደረሰው። እንዲህ ያለ ፍልሰታ ከዚያ በኋላ አልጾምኩም።

ሾፌሩ ኋላ ወደ ሃክኒ ተዛወረና ለራሱ መሬት ደረሰው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ እሾህ። የወንፈሉን ቀን ጠራ። የማኅበሩ ሰው ሁሉ በየተራው ሄዶ ከፈለ። እትዬ እንኳ በዚያ ጉልበታቸው በርጩማቸውን ይዘው ሄደው፣ ተቀምጠው ሽንኩርቱን ሲያርሙለት ዋሉ፤ እዳቸውን ጨርሰው ነው ያረፉት፣ ነፍሳቸውን ይማረውና።

ሳልከፍል የቀረሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ወገቤን ነው አልኩ፣ ቀጥሎ ጉልበቴን፤ አሁን የማመካኝበት አካል እያለቀብኝ ነው። ባለፈው ሳምንት ሾፌሩ ደወለ።

«ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ቀኔስ?»

«አለሁ። ቀንህም አለ።»

«ኧረ ከሞቱብኝ ከማን ልቀበል?»

«ለልጄ ተናዝዤለታለሁ።»

«ልጅዎ አካፋ ይዞ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያው እርስዎ ይሰንብቱልኝ» ብሎ ዘጋው።