ሦስት ሜትር ያጠረው ገመድ

የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ስም ነበረው፤ ማንም ግን አይጠራበትም። መለኪያው ከአንገቱ ወርዶ ስለማያውቅ ትንሹም ትልቁም «ጋሽ ሜትር» ይለዋል። ሲተኛ ያወልቀው እንደሆነ የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ናት። እሷም ስትጠየቅ ትስቃለች እንጂ አትናገርም።

ሚስቱ ጡረታ የወጣች የሒሳብ አስተማሪ ናት። ቤት ከዋለች ወዲህ ግድግዳው ሊውጣት ደርሶ ነበር። በመጨረሻ ልጆችን በኢንተርኔት የሚያስተምር ድርጅት አገኘችና ሰኞ ጠዋት የሙከራ ትምህርት ስጪ፣ ከወደድንልሽ ሥራው ያንቺ ነው አሏት። እንቅልፍ አጣች። ለማስተማሪያ የመረጠችው የኋላውን መኝታ ቤት ነው፤ በሩ ይዘጋል፣ የስፌት ማሽኑ ጩኸትም አይሰማም። ሳሎን ያለው ዋይፋይ ግን እዚያ ሲደርስ ይልፈሰፈሳል፤ ምስሉ ይደርቃል፣ ድምፁ ይቆራረጣል። ገመድ መዘርጋት ግድ ሆነ።

ለመለካት ለመለካትማ እኔ አለሁ አለ ጋሽ ሜትር፤ ቤቱን ለካና ቅዳሜ ጠዋት ገመድ ሊገዙ አብረው ወጡ።

ሱቅ ውስጥ ያሳያት ጉድ አይነገርም። በካርቶን የታሸገውን ኬብል ዋጋውን ሰምቶ እንደ ትኩስ ድስት መለሰው። ከጥቅል ላይ በሜትር የሚሸጠውን ርካሹን አስወረደና ጨርቅ ይመስል በሁለት ጣቱ አሸው። ጫፉ ላይ የሚገቡትን ኮኔክተሮች እንደ አዝራር በፍሬ ተከራከረባቸው። ሚስቱ የማታውቀው ሰው መስላ መደርደሪያ ታያለች። ሻጩ ትሑት ልጅ ነበር፤ ገመድ በበር ላይ ይዞራል፣ በጥግ ይታጠፋል፣ ሁለት ሦስት ሜትር ትርፍ ይያዙ አባባ አለው።

ጋሽ ሜትር ከመነጽሩ በላይ አየው። «አርባ ዓመት ለክቻለሁ። አሥራ አምስት ሜትር ቁረጥ።»

እሑድ ዕለት ገመዱን ሳሎን ካለው የዋይፋይ ራውተር ጀምሮ በግድግዳው ሥር፣ በበሩ ላይ፣ ቀጥ ባለ ስፌት አሳምሮ ዘረጋው። እንከን የለውም። ገመዱ ከመኝታ ቤቱ በፊት ያለው የስፌት ክፍል ውስጥ ገባ፣ መቁረጫ ጠረጴዛው ጥግ ደረሰና አለቀ። መኝታ ቤቱ ሦስት ሜትር ይቀረዋል።

የመምህርቷ ደም ፈላ። ፈተናዋ ነገ ነው፣ ሱቁ ዝግ ነው። የጎረቤት ሕፃን እንኳ ከዚህ የተሻለ ይለካል ብላ ወረደችበት። እሱ እቴ፣ አልተከራከረም። የጠረጴዛው ጥግ ተጠርጎ፣ ወንበሩ ላይ ትራስ ተደርጎ ነበር፤ በንዴቷ ልብ አላለችውም።

ሰኞ እዚያው ተቀምጣ አስተማረች። ማሽኑ ትንፍሽ አላለም። ጋሽ ሜትር አዝራር በእጁ እየተከለ ትምህርቱን ይከታተላል፤ ልጆቹ ሲጠየቁ እሱም ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይመልሳል፣ አብዛኛውን ይስታል። ምስሉ አንዴም አልደረቀም። ሥራውን አገኘች።

ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት የልጇን ሱሪ ይዛ መጣች፤ ልጁ ተመዞ ሱሪው አጥሮበታል። ጋሽ ሜትር ጫፉን ተረተረና ያን ጊዜ ሲሰፋው አጥፎ የተወውን አራት ጣት ጨርቅ ለቀቀው። እናትየው መርቃው ሄደች።

መምህርቷ ሱሪውን አየች፤ ገመዱን አየች። ይህ ሰው ለማያውቀው ልጅ እንኳ ትርፍ ሳይተው ቆርጦ አያውቅም።

«አንተ ሰው፣ ገመዱ እንዴት ነው ያጠረው?»

የመርፌው ቀዳዳ ውስጥ ክሩን ለማስገባት ብዙ ጊዜ ወሰደ።

«ሠላሳ ዓመት ጠዋት ወጥተሽ ማታ ትመለሺ ነበር» አለ ቀና ሳይል። «አሁን ቤት ዋለችልኝ ስል፣ በር ልትዘጊብኝ ሆነ።»

አንጀቷን በላው። አስተማሪ ናትና ግን ዝም ብላ አላለፈችውም፤ ከአሥር ዜሮ እንዳገኘ ነገረችው። ከዚያ ወንበሯን ከነትራሱ ወደ ማሽኑ አስጠጋች።

«በል ማሽንህን ዘይት አጠጣው፣ እንዳይጮህብኝ» አለችው። «ነገ ሁለት ክፍል አለኝ።»